ወጣሁ እና አወጣሁ፦ ፈረንሳይኛ 102 በማታው ክፍል

መምህራችን ወደ ነጩ ሰሌዳ ዞረው ቤት ሣሉ። ፎቅ ቤት ነው። በር አለው፣ ደረጃ አለው፣ ጣሪያው ላይ ሊወድቅ የተንጋደደ ሰው አለ። በሩ ላይ «ገባ»፣ በጓሮው በኩል «ወጣ»፣ ደረጃው ላይ «ወረደ» የሚሉትን ግሦች በፈረንሳይኛ ጻፉ። ላይ ቤት ካለው አልጋ አጠገብ «ተወለደ»፣ ራቅ ብሎ ደግሞ «ሞተ» አሉ። ከጣሪያው በላይ በትልልቁ «ላ ሜዞን ዴትር» ብለው ጻፉና አሰመሩበት። የ«ኤትር» ቤት ማለት ነው።

«የዚህ ቤት ኪራይ ስንት ይሆን?» አለችኝ ከጎኔ የተቀመጠችው ያገሬ ልጅ በሹክሹክታ። ቤት ለቤት እየዞረች አረጋውያንን የምትንከባከብ ናት። የሥራ ልብሷን ሳትቀይር፣ አውቶቡስ ላይ የጀመረችውን ሳንድዊች ቦርሳዋ ውስጥ ጠቅልላ ነው የምትመጣው። ሳቄን ዋጥ አደረግሁ። መምህሯ የአቢጃን ሰው ናቸው፤ በክፍላቸው ውስጥ ከፈረንሳይኛ ሌላ ሹክሹክታ አይወዱም።

ቦታው ሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም የማይርቅ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ትምህርቱ በመዝገቡ ላይ «ፈረንሳይኛ 102» ይባላል፤ የጀማሪዎች ፈረንሳይኛ ሁለተኛ ሴሚስተር መሆኑ ነው። በሳምንት ሁለት ምሽት፣ ለ15 ሳምንት። ከእኔ ፊት አንድ የኤል ሳልቫዶር ልጅ ይቀመጣል፤ ስፓኒሽ አፉን የፈታበት ስለሆነ ግማሹን መጽሐፍ ሳያጠና ይገምተዋል። በመስኮቱ በኩል ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ ሴት አሉ፤ ፓሪስ ሄደው ቡና ማዘዝ ይፈልጋሉ። በር አጠገብ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪው ካሜሩን የመጣ ወጣት አለ። እኛ ሁለት ኢትዮጵያውያን ደግሞ መሀል ነን። ባለፈው ሴሚስተር አብረውን ከጀመሩት ብዙዎቹ አልተመለሱም፤ ወንበሩ ሳስቷል።

ከ«ቦንዡር» በኋላ

የመጀመሪያው ሴሚስተር ሠርግ ነው። ሰላምታ፣ ስም፣ ቀለም፣ የሳምንቱ ቀናት፣ የቤተሰብ አባላት። ሰው በሦስት ሳምንት ውስጥ «ቦንዡር፣ እንዲህ እባላለሁ፣ ከዚህ አገር ነኝ» ማለት ሲጀምር ለራሱ ያጨበጭባል። ሁለተኛው ሴሚስተር የሠርጉ ማግስት ነው፤ ዕቃ ማጠብ ይመጣል። ትናንት ምን እንደሠራህ መናገር ትጀምራለህ፣ ልጅ ሳለህ ምን ታደርግ እንደነበር ትናገራለህ፣ «አየሁት»ና «ሰጠኋት» ለማለት ትንንሾቹን ተውላጠ ስሞች የት እንደምታስቀምጥ ትማራለህ። ሰው የሚወድቀውም፣ የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ለምን ይገባበታል? ለአብዛኛው ተማሪ መልሱ አጭር ነው፤ ግዴታ ስለሆነ። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወደ አራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር የሚያስብ ሰው፣ በተለይ በሥነ ጥበብና በማኅበራዊ ሳይንስ ዲግሪ የሚፈልግ፣ ብዙ ቦታ የውጭ ቋንቋ ይጠየቃል። በአሜሪካ ኮሌጆች ከስፓኒሽ ቀጥሎ ብዙ ተማሪ ያለው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው። ያገሬ ልጅ ግን ሌላም ምክንያት አላት። ከምትንከባከባቸው አረጋውያን አንዷ ከጊኒ የመጡ እናት ናቸው፤ እንግሊዝኛ አይናገሩም። «ልጃቸው ሥራ ሲሄድ እኔና እሳቸው በእጅ ብቻ ነው የምንነጋገረው» አለችኝ። «የት እንዳመማቸው እንኳ ልጠይቃቸው።»

የካሜሩኑ ወጣት ምክንያት ይከብዳል። አገሩ ሁለት የሥራ ቋንቋ አላት፤ ከአሥሩ ክልሎች ስምንቱ ፈረንሳይኛ፣ ሁለቱ እንግሊዝኛ ይናገራሉ። በ2016 መጨረሻ ላይ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ዳኞችና አስተማሪዎች ወደ ሁለቱ ክልሎች መመደባቸውን ተቃውመው ጠበቆችና መምህራን አደባባይ ወጡ። ከዚያ የተነሣው ግጭት ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቀለ። «ይህን ቋንቋ አገሬ ላይ እምቢ ብዬው ነበር፤ እዚህ መጥቼ ለክሬዲት ከፍዬ እማረዋለሁ» ብሎ አንድ ምሽት ሲናገር ክፍሉ ዝም አለ። መምህሯም ዝም አሉ። ቋንቋ የሚማሩት ሁሉ ወደውት አይደለም።

ቆሻሻውን ማን አወጣው?

ወደ ቤቱ ሥዕል እንመለስ። ፈረንሳይኛ ያለፈ ድርጊትን ሲናገር ረዳት ግሥ ይፈልጋል፤ ይህን የጊዜ መልክ «ፓሴ ኮምፖዜ» ይሉታል። ረዳቶቹ ሁለት ናቸው። አንዱ «አቭዋር» ነው፤ «አለኝ» እንደማለት። ሌላው «ኤትር» ነው፤ «ነኝ» እንደማለት። አብዛኛው ግሥ ከ«አቭዋር» ጋር ይሄዳል። ጥቂቶች፣ እነዚያ በቤቱ ሥዕል ላይ የሰፈሩት የመሄድ፣ የመምጣት፣ የመወለድና የመሞት ግሦች፣ «ኤትር»ን ይመርጣሉ። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ማስታወስ የሁለተኛው ሴሚስተር ትልቁ ራስ ምታት ነው። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ተማሪዎች የግሦቹን የመጀመሪያ ፊደሎች ገጣጥመው እንደ ሰው ስም የሚያስጠኑበት ዘዴ አለ። ቤቱም ሌላው ዘዴ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ጻፍን። ከዚያ መምህሯ ሁለት ዐረፍተ ነገር ከጎን ለጎን አስቀመጡ። «ዠ ስዊ ሶርቲ» እና «ዤ ሶርቲ ላ ፑቤል»። ግሡ አንድ ነው፤ «ሶርቲር»። የመጀመሪያው ግን ከ«ኤትር» ጋር፣ ሁለተኛው ከ«አቭዋር» ጋር ቆሟል። «ፑቤል» የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ነው፤ በ1880ዎቹ የፓሪስ ሰው ቆሻሻውን በክዳን ዕቃ እንዲያወጣ ካዘዙት ገዥ ከኧዤን ፑቤል የተወረሰ ስም ነው። ሰውየው ከሥልጣናቸው ይልቅ በቆሻሻ ታወሱ።

ጡረተኛዋ አሜሪካዊት እጃቸውን አነሡ። «ግሡ ያው ከሆነ ረዳቱ ለምን ተቀየረ?» መምህሯ ስለ ቀጥተኛ ተሳቢ አብራሩ። ሴትዮዋ እንደገና ጠየቁ። መምህሯ እንደገና አብራሩ። በዚህ መሀል ነው ከጎኔ በአማርኛ፣ ያውም ጮክ ብሎ፣ የመጣው፦

«ወጣሁ እና ቆሻሻውን አወጣሁ ነው እኮ! ‹አ› ገባበት!»

ክፍሉ ዞረ። መምህሯ አልተቆጡም። ጠመኔ በመሰለው እስክሪብቶ እያመለከቱ ወደ ሰሌዳው ጠሯት። ሄደችና በፊደል ጻፈች፤ ከላይ «ወጣሁ»፣ ከታች «አወጣሁ»። በእንግሊዝኛ አስረዳች፤ «በእኛ ቋንቋ ሰውየው ራሱ ሲወጣ አንድ ነው፣ ሌላ ነገር ሲያወጣ ከፊቱ ፊደል ይጨመርበታል። እናንተ ረዳቱን ትቀይራላችሁ፣ እኛ ግሡን እናለብሰዋለን።» ከዚያ መምህሯ የሚጠሩትን ግሥ ሁሉ እየተቀበለች ሰሌዳውን ሞላችው። «ደሳንድር»፦ ወረድኩ፣ ሻንጣውን አወረድኩ። «ሞንቴ»፦ ፎቅ ወጣሁ፣ ዕቃውን ፎቅ አወጣሁ። «ራንትሬ»፦ ገባሁ፣ መኪናውን አስገባሁ። «ፓሴ»፦ በዚያ አለፍኩ፣ ሳምንቱን አሳለፍኩ። «ርቱርኔ»፦ ተመለስኩ፣ ደብዳቤውን መለስኩ። የግራው ረድፍ በሙሉ ከ«ኤትር»፣ የቀኙ በሙሉ ከ«አቭዋር» ጋር የሚሄድ ሆኖ ተገኘ።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ የበለጠ ያስደንቃል። ፈረንሳይኛ ውስጥ ሰው በራሱ ላይ የሚፈጽማቸው ግሦች አሉ። «ላቬ» ማጠብ ነው፤ «ስ ላቬ» ደግሞ መታጠብ። አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ራሴን አጠብኩ» እያለ ተጨማሪ ቃል ይፈልግለታል። ለእኛ «አጠብኩ» እና «ታጠብኩ» ነው፤ አንድ «ተ» ሥራውን ይጨርሰዋል። ሌላ ጊዜ «አ» ይቀነሳል፣ ወይም ቃሉ ራሱ ይቀየራል፦ «አለበስኩት»፣ «ለበስኩ»። «ቀሰቀስኩት»፣ «ነቃሁ»። እነዚህም በራስ ላይ የሚመለሱት ግሦች፣ ያለፈ ጊዜ ሲነገርባቸው፣ ከ«ኤትር» ጋር ይሄዳሉ።

ሐቀኛ ለመሆን፣ ድልድዩ ወንዙን እስከ መጨረሻው አያሻግርም። «ሮጥኩ» ላይ «አ» የለም፤ ፈረንሳይኛው ግን «አቭዋር» ይላል። «ተኛሁ»ም እንዲሁ። ያልተጻፈ ሕግ ፍለጋ የሄደ ተማሪ ፈተና ላይ ይወድቃል፤ እነዚህን በቃል መያዝ ነው። ነገር ግን ሁለት ረዳት ያለው ቋንቋ ሞኝነት ወይም ተንኮል እንዳልሆነ፣ ከኋላው እኛም የምናውቀው ሐሳብ እንዳለ ካየህ በኋላ ቃሉን መያዝ ይቀላል። በዚያ ምሽት መምህሯ ሲሰናበቱ ሰሌዳውን አጠፉ፤ ፊደሉን ግን ተዉት።

«ታፈላ ነበር»

እኔ የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው። የቤት ሥራው ስለ ልጅነት አንድ ገጽ መጻፍ ነበር። እንደ ልማዴ ሐሳቡን በእንግሊዝኛ ጻፍኩና ወደ ፈረንሳይኛ ገለበጥኩት። አያቴ ጠዋት ጠዋት ቡና ታፈላ እንደነበር፣ እኔ ፈንዲሻውን እበላ እንደነበር፣ አንድ ቀን ጀበናው ተሰብሮ ሁላችንም እንደደነገጥን የሚያወራ ነው። ወረቀቱ በቀይ ተዥጎርጉሮ ተመለሰ። መምህሯ ከሥር የጻፉት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «አያትህ ቡና ያፈሉት አንድ ቀን ነው ወይስ ሁልጊዜ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረንሳይኛ ላለፈ ነገር ሁለት መልክ አለው። አንድ ጊዜ ሆኖ ላበቃው «ፓሴ ኮምፖዜ»፤ ይደረግ ለነበረው፣ ለልማዱና ለመልክአ ምድሩ ደግሞ «ኤምፓርፌ» የሚባለው። እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም በአንድ ቃል ይጠቀልላቸዋል። እኔ በእንግሊዝኛ ስላሰብኩ አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ አንዴ ብቻ ቡና ያፈላች ሴት ሆና ቀረች።

ሁለተኛውን ጽሑፍ በአማርኛ አሰብኩት። «ታፈላ ነበር» ባልኩበት ሁሉ «ኤምፓርፌ»፣ «ተሰበረ» ባልኩበት ሁሉ «ፓሴ ኮምፖዜ» አደረግሁ። «ዝናቡ ይዘንብ ነበር፤ በሩ ተንኳኳ»። ይህን ልዩነት ማንም አላስተማረኝም፤ ተረት ሲነገረኝ ያደግኩበት ነው። በዚህኛው ወረቀት ላይ ቀዩ ቀለም የሰዋስው ጾታና የፊደል ግድፈት ላይ ብቻ ቀረ።

በዚህ ሴሚስተር የገባኝ ነገር ቢኖር ይኸው ነው። እዚህ አገር ያለን ተማሪዎች ፈረንሳይኛን የምናጠናው በእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ በእንግሊዝኛ ማብራሪያ ነው። አንዱን ወንዝ ሁለት ጊዜ እንሻገራለን። ፈረንሳይኛ እንግሊዝኛን በቃላት ይመስለዋል፤ ሰዋስዉ ላይ ሲደርስ ግን አንዳንድ ቦታ አማርኛ አጠገቡ ቆሞ ይገኛል። መንገዱ በአማርኛ በኩል የሚያጥርባቸውን ቦታዎች ማወቅ የብዙ ሰዓት ድካም ይቀንሳል።

አንድ ሁለት ሌላ ልጨምር። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ለ«ቱ» እና ለ«ቩ» ምርጫ ሰንጠረዥ ይሠራል፤ ማንን «አንተ»፣ ማንን «እርስዎ» ይላል? እኛ ከጡት ጋር የጠባነው ነው። እንዲያውም ፈረንሳይኛ ሴትና ወንድን በ«ቱ» ሲያጣምር «አንተ» እና «አንቺ» የሚለይ ሰው ትንሽ ይጎድለዋል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ሌላ ቦታ ነው፤ የፈረንሳይ ልጅ እናትና አባቱን ዛሬ በአብዛኛው «ቱ» ነው የሚላቸው። ይህን ስትሰማ ያገሬ ልጅ ፊቷን አኮማተረች። «እናትን?» አለች። ፈጣሪን ግን እኛም «አንተ» ነው የምንለው። የፈረንሳይ ካቶሊኮች የአባታችን ሆይን ጸሎት ከ«ቩ» ወደ «ቱ» ያዞሩት በ1966 ነው።

አማርኛ የማይረዳበት ቦታ ደግሞ ጾታ ነው። እኛ ግዑዝ ነገርን እንደ ስሜታችን እናደርገዋለን። መኪናው ሲያስቸግር «ይሄ መኪና»፣ ሲያምር «መኪናዬ ቆንጅዬዋ» እንላለን። ፈረንሳይኛ ፍቅርህን አይጠይቅም፤ ጠረጴዛ ሴት ናት፣ አለቀ። ፀሐይ በእኛ ስትወጣ «ወጣች»፤ በእነሱ ወንድ ነው።

ለገሀር

ቅዳሜ ከሰዓት ከአንድ ሽማግሌ ጋር ቡና እንጠጣለን። ጋሼ የድሬዳዋ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። የቤት ሥራዬን ጮክ ብዬ ሳነብ ይሰሙኛል፤ ከዚያ እጃቸውን ያወናጭፋሉ።

«አቦ! ምንድነው እንዲህ አፍህን የምታጣምመው? በአፍንጫህ አውጣው!»

«የት ተማሩት ጋሼ?»

«ማን አስተማረኝ? አባቴና ጓደኞቹ ሲሳደቡ ሰምቼ ነው። ሥራው በፈረንሳይኛ፣ ስድቡ በፈረንሳይኛ፣ ፍቅሩ በሶማሊኛና በኦሮምኛ፣ ጸሎቱ በግዕዝና በዓረብኛ። ድሬ እንዲህ ነበረች።»

ጋሼ ቀልደው የተናገሩት ታሪኩ ነው። አፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ በ1894 ለስዊሱ አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ፤ ፈረንሳዊው ነጋዴ ሌዮን ሸፍኖ ሸሪኩ ሆነ። ሥራው ከጅቡቲ በ1897 ተጀመረ፤ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ኩባንያው የፈረንሳይ ስለነበር የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። «ላ ጋር» ጣቢያ ማለት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ሰፈር ሆኖ ለገሀር ተባለ። ታክሲ ረዳቱ «ለገሀር! ለገሀር!» ሲል በፈረንሳይኛ «ጣቢያው! ጣቢያው!» እያለ ነው።

በዚያ ዘመን ፈረንሳይኛ የውጭውን ዓለም በር የሚከፍት ቁልፍ ነበር። የአዲስ አበባው የፈረንሳይ ባህል ማዕከል፣ አሊያንስ፣ የተመሠረተው በ1907 ነው። ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1925 ሲከፈት ፈረንሳይኛ ከዋነኞቹ የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ከጣሊያን መባረር በኋላ፣ ከ1941 ወዲህ፣ እንግሊዝኛ ቦታውን ወሰደው። የሊሴ ገብረ ማርያም በ1947 መከፈት ፈረንሳይኛን ሙሉ በሙሉ ከመጥፋት አተረፈው፤ ስሙን ያገኘው ጣሊያንን ሲዋጉ ከወደቁት ከደጃዝማች ገብረ ማርያም ነው።

የሄደው ቋንቋ ግን ዕቃውን ትቶልናል። መምህራችን አንድ ምሽት «በቋንቋችሁ ያለ የፈረንሳይኛ ቃል ንገሩኝ» ሲሉ እኔ ከሥራ ቦታዬ ጀመርኩ። ዋሽንግተን ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። «ጋራዥ» አልኩ። «ሹፌር» አልኩ፤ መምህሯ ቃሉ መጀመሪያ የእንፋሎት ሞተር እሳት የሚያነድ ሰው ማለት እንደነበር ነገሩን። «ቢሮ»፣ «ዶሴ»፣ «ሚኒስቴር»፣ «ቡፌ»። ያገሬ ልጅ ከሆስፒታል በኩል «ኦፕራሲዮን» ጨመረች። መምህሯ እያንዳንዱን ሲሰሙ ዘመድ የመጣ ያህል ፈገግ አሉ።

ስለዚህ ዘመን ስናወራ አንድ ቀን አይረሳም። አፄ ኃይለ ሥላሴ ፈረንሳይኛን ከልጅነታቸው ጀምሮ ተምረው አቀላጥፈው ይናገሩት ነበር። ጁን 30 ቀን 1936 ጄኔቫ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ ግን ንግግራቸውን ያደረጉት በአማርኛ ነው። ፈረንሳይኛው ሳይጠፋቸው። ያወቁትን ቋንቋ ኪሳቸው አድርገው በራሳቸው ቋንቋ ቆሙ።

ዐይንና ጆሮ

ፈረንሳይኛ ሲነበብና ሲሰማ ሁለት ቋንቋ ነው። ወፎች ለማለት ሰባት ፊደል ትጽፋለህ፤ የሚሰማው «ዋዞ» ነው፤ በእኛ ሁለት ፊደል። ውሃ በሦስት ፊደል ይጻፋል፤ የሚሰማው «ኦ» ብቻ። «ሄደ» እና «ሄደች» ፈረንሳይኛ ላይ በወረቀት ይለያያሉ፤ ግሡ በጆሮ አንድ ነው። እንደሰማን የምንጽፍ ሰዎች እዚህ ላይ መሳቅ ያምረናል። ግን ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን በአንድ ድምፅ እያነበብን በተለያየ ፊደል የምንጽፍ ሰዎች እንዴት እንስቃለን? እነሱም እንደኛ የጥንቱን ማስታወሻ መጣል ከብዷቸዋል። በ1990 ጥቂት ቃላትን ለማቅለል የቀረበው ማሻሻያ በ2016 ወደ ትምህርት ቤት መጻሕፍት ሲገባ አገሩ በክርክር ታምሷል።

አፋችን ግን ለዚህ ቋንቋ ባዕድ አይደለም። አሜሪካዊቷን ሴት የሚያሳቅቃቸው የ«ዠ» ድምፅ ለእኛ ከፊደል ገበታችን ላይ አለ። «ሞንታኝ» ውስጥ ያለው «ኝ» ደግሞ «አማርኛ» በሚለው ስም መጨረሻ ላይ የተሰፋ ነው። የሚያስቸግረን ሌላ ነው። «ቱ» በሚለው ውስጥ ያለው ድምፅ ከእኛ «ኡ» ይለያል። መምህሯ የሰጡን ዘዴ ሠራልኝ፦ ምላስህን «ኢ» በል፣ ከንፈርህን «ኡ» አድርገው። መስታወት ፊት ሆኜ ስለማመድ ጎረቤቴ ያመመኝ መስሎት በሩን አንኳኳ።

ቁጥሩ ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ፈረንሳይ ውስጥ 70 «ስልሳ አሥር» ይባላል፣ 80 «አራት ሃያ»፣ 90 «አራት ሃያ አሥር»። 97 «አራት ሃያ አሥራ ሰባት» ነው። ሥራ ቦታዬ አብሮኝ የሚሠራ የኪንሻሳ ሰው አለ፤ ከክፍያ መስኮቱ ጎን ቁጥር እየጠራ ያለማምደኛል። አንድ ቀን በ«ካትር ቫን ዲስ» ስንተባተብ ሳቀብኝ። «እኛ ‹ኖናንት› ነው የምንለው፤ ለምን ራስህን ታደክማለህ?» አለ። እውነቱን ነው። ቤልጂየምና ስዊዘርላንድ፣ በቤልጂየም ትገዛ የነበረችው ኮንጎም፣ ለ70 «ሴፕታንት»፣ ለ90 «ኖናንት» የሚል የራሳቸው ቃል አላቸው። ዛሬ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ከተሞች ሲቆጠሩ ኪንሻሳ ከፓሪስ ጋር ትወዳደራለች። ዓለም አቀፉ የፍራንኮፎኒ ድርጅት በ2022 ባወጣው ግምት ፈረንሳይኛ 321 ሚሊዮን ተናጋሪ አለው፤ አብዛኛው አፍሪካ ውስጥ ነው። ጎረቤታችን ጅቡቲ አንዷ ናት። መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረትም ከሥራ ቋንቋዎቹ አንዱ አድርጎታል።

90 ሰዓት

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ሁለት ሴሚስተር፣ እያንዳንዱ 15 ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ሰዓት ገደማ። ጠቅላላው 90 ሰዓት ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የዲፕሎማቶች ማሠልጠኛ አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ፈረንሳይኛን በሥራ ደረጃ ለማወቅ ከ600 እስከ 750 ሰዓት ትምህርት እንደሚያስፈልገው ሲገምት ቆይቷል። ለአማርኛ ደግሞ 1100 ሰዓት ያህል። እንግዲህ «ሁለት ሴሚስተር ተማርኩ፣ ለምን አልናገርም?» የሚል ሰው ራሱን አይውቀስ፤ ገና የመንገዱ ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ እጅ ላይ ነው። ከ102 የሚወጣ ተማሪ አውሮፓውያኑ በቋንቋ ችሎታ መለኪያቸው «ኤ1» ከሚሉት የመጀመሪያ ደረጃ አልፎ ወደ «ኤ2» የሚጠጋ ነው። ሰላም ይላል፣ ቦታ ይጠይቃል፣ ትናንትን ይናገራል፣ ቀስ ብለው ካነጋገሩት ይሰማል። ጋዜጣ አያነብም፣ ፊልም ያለ ጽሑፍ አይከታተልም።

የመጨረሻው ፈተና የቃል ነበር። ሁለት ሁለት እየሆንን ስለ አንድ ሳምንታችን እንነጋገር ተባለ። እኔና ያገሬ ልጅ ደረሰን። እሷ ጀመረች፤ ጠዋት እንደነቃች፣ እንደታጠበች፣ እንደወጣች፣ ከአረጋዊቷ ጋር ቀኑን እንዳሳለፈች ተናገረች። «ነቃሁ፣ ታጠብኩ፣ ወጣሁ» ከ«ኤትር» ጋር፣ «አሳለፍኩ» ከ«አቭዋር» ጋር። አንዱንም አልሳተችም። እኔ 97 ላይ ተሰናከልኩ፤ «ኖናንት ሴት» ብዬ አለፍኩ። መምህሯ ቅንድባቸውን አነሡ፤ ስሕተት ግን አላሉም።

በሚቀጥለው ሳምንት ያገሬ ልጅ ከሥራ ደወለችልኝ። የጊኒዋን እናት የት እንደሚያማቸው ጠይቃቸዋለች። ጉልበታቸውን ነው። ከደረጃ ሲወርዱ ሳይሆን፣ ዕቃ ሲያወርዱ ነው የተጎዱት። ልዩነቱን ሰምታዋለች።

እዚህም ሆነ አገር ቤት ፈረንሳይኛ ልትጀምሩ ላሰባችሁ የምለው ይህ ነው። አማርኛችሁን ከክፍሉ በር ውጭ አትተዉት። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ከጎኑ በፊደል የምትጽፉበት ደብተር ያዙ፤ ግራ የሚያጋባችሁ ሰዋስው ሲመጣ «ይህን በአማርኛ እንዴት እላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ አይረዳም። በረዳበት ቀን ግን ከአንድ ምዕራፍ ማብራሪያ ይበልጣል።